ቄቧን ከአውራው ለይቶ ማደል ለዶሮ እርባታ ውጤት መሠረት ነው

ጫጩት የጫነ መኪና ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ሲቆም ግቢው ወዲያው ይሞላል። እናቶች ቅርጫት፣ ልጆች ካርቶን ይዘው ይሰለፋሉ፤ ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ ለአንዱ አባል አምስት፣ ለሌላውም አምስት ይቆጠርለትና «ሁሉም እኩል ደርሶታል» ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። በዚያን ዕለት ቅር የሚለው ሰው የለም። ቅሬታው የሚመጣው ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ነው። በአንዱ ቤት አራቱ ቄብ ሆነው ለእንቁላል ሲቃረቡ፣ በጎረቤቱ ቤት አምስቱም አውራ ሆነው ጎሕ ሲቀድ እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። የእንቁላሉ ሽያጭ ለጨው፣ ለሳሙናና ለልጆች ደብተር ይሆናል ብለው ጥሬ ሲበትኑ የከረሙት እናት ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዘንድ የሚሄዱት ያን ጊዜ ነው።

በቁጥር እኩል የነበረው እደላ በጥቅም እኩል አልሆነም። በዚህ ውስጥ የማንም ተንኮል የለበትም፤ ጫጩቶቹ ሲታደሉ ጾታቸው አልተለየም ነበር። የቀበሌ ገበሬ ማኅበር መሪዎች የጫጩት ጾታ በየትኛው ዕድሜ በምን ምልክት እንደሚለይ ካወቁ ግን ይህን ቅሬታ አስቀድመው ሊያስቀሩት ይችላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

ዕጣ እንዳይሆን

ከሚፈለፈሉ ጫጩቶች መካከል በአማካይ ግማሾቹ ወንድ፣ ግማሾቹ ሴት ናቸው። ይህ «ግማሽ በግማሽ» ግን የሚሠራው ብዙ ጫጩት አንድ ላይ ሲቆጠር ነው። በአንድ ቤት በሚገቡት አምስት ጫጩቶች ላይ ነገሩ ወደ ዕጣነት ይለወጣል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ቀበሌ ጾታቸው ያልተለየ 800 ጫጩቶች ተረክቦ ለ160 ቤተሰቦች አምስት አምስት አደለ እንበል። በስሌት ሲታይ 5 ያህሉ ቤተሰቦች አምስቱም አውራ ይደርሷቸዋል። ሌሎች 25 ያህል ቤተሰቦች አራት አውራና አንዲት ቄብ ብቻ ያገኛሉ። በሌላው ወገን 5 ያህል ቤተሰቦች አምስት ቄቦች፣ 25 ያህል ቤተሰቦች ደግሞ አራት ቄቦች ይዘው ይገባሉ። የቀሩት 100 ቤተሰቦች ሁለት ወይም ሦስት ቄቦች ይደርሷቸዋል። እንግዲህ ሳይለዩ ማደል ማለት 30 ያህል ቤተሰቦችን ከእንቁላሉ ጥቅም ማራቅ ማለት ነው።

እነዚሁ 800 ጫጩቶች በአንድ ሥፍራ አድገው ጾታቸው ከተለየ በኋላ ቢታደሉስ? የሞቱትን ለጊዜው ትተን ብንቆጥር 400 ያህል ቄቦች ይገኛሉ። ከቤተሰቦቹ ግማሾቹ ሦስት ቄብና ሁለት አውራ፣ ግማሾቹ ሁለት ቄብና ሦስት አውራ ይወስዳሉ፤ ሁለት ቄብ የደረሳቸውም በሚቀጥለው ዙር ቅድሚያ ያገኛሉ። ጫጩቱም ገንዘቡም ያው ነው። የተለወጠው የሥራው ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

ልዩነቱ በጓዳ ውስጥ ቀላል አይደለም። የአገራችን ዶሮ በተለመደው አያያዝ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ለእንቁላል ተብለው የተዳቀሉት ዝርያዎች መኖና መጠለያ ከተሟላላቸው ከ250 በላይ ይጥላሉ። ሆኖም እንዲህ ያለችው ዶሮ በቀን እስከ 120 ግራም የሚደርስ መኖ ትፈልጋለች። ቄብ ናት ተብሎ ለወራት የተቀለበ አውራ በመጨረሻ የሚመልሰው የሥጋውን ዋጋ ብቻ ነው፤ የታሰበው የዓመት ገቢ ይቀራል።

ጾታውን የምትወስነው እናቲቱ ናት

ወደ ምልክቶቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የጫጩቱ ጾታ የሚወሰነው እንቁላሉ በእናቲቱ ሆድ ሳለ ነው። በሰው ዘንድ የልጁን ጾታ የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ዘር ሲሆን በዶሮ ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወንድ ወይም ሴት የሚያደርገውን ባሕርይ ይዛ የምትመጣው ሴቲቱ ዶሮ ናት። ስለዚህ እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ በማቀፊያው ሙቀት፣ በተቀመጠበት አቅጣጫ ወይም በቀኑ የሚለወጥ ነገር የለም።

ሹል እንቁላል አውራ፣ ድቡልቡሉ ደግሞ ሴት ይሆናል የሚሉ ሰዎች አሉ። የእንቁላል ቅርፅ ግን የሚወጣው ከጣለችው ዶሮ የአካል አሠራር ነው። ሹል የምትጥል ዶሮ ብዙውን ጊዜ የምትጥለው ሹል ነው፤ ከእነዚያም ወንዱም ሴቱም ይፈለፈላል። በክር የታሰረ መርፌ ወይም ቀለበት ከጫጩት በላይ አንጠልጥሎ መወዛወዙን ማየት፣ ጫጩትን በእግሩ ዘቅዝቆ መንፈራገጡን መመልከትም እንዲሁ ምንም አይነግሩም። ከሁለት አንዱን መገመት ስለሆነ ከግማሽ ያህሉ ላይ ይሳካሉ። ሰው የሚያስታውሰውም የተሳካውን ነው።

በአንድ ቀን ዕድሜ

ጫጩት በተፈለፈለ በመጀመሪያው ቀን ጾታው በዓይን የሚለየው በተወሰኑ ዝርያዎች ላይ ብቻ ነው። ስለሆነም ማንኛውም መሪ ጫጩት ሲረከብ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ዝርያው ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን በመባል የሚታወቁት ቡናማ የእንቁላል ዶሮዎች ለዚሁ እንዲያመቹ ሆነው የተዳቀሉ ናቸው። ሲፈለፈሉ ሴቶቹ ቡናማ፣ ወንዶቹ ነጣ ያለ ቢጫ ይሆናሉ። የማስፈልፈያ ድርጅቶች ሴቶቹን ብቻ ለይተው መላክ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ የቀለም ልዩነት ግን ወደ ልጆቻቸው አይተላለፍም። ከእነዚህ ቡናማ ዶሮዎች በገበሬው ቤት በተፈለፈሉ ጫጩቶች ላይ በቀለም ልለይ ማለት ስሕተት ላይ ይጥላል።

በደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም ከተማ የተገኘውና በአገራችንም የተሠራጨው ኮኮክ የሚባለው ዥንጉርጉር ዝርያም በአንድ ቀን ዕድሜው ይለያል። የወንዱ ጫጩት አናት ላይ ነጣ ያለ ነጥብ ይታያል። ካደጉም በኋላ የወንዱ ዥንጉርጉር ፈዘዝ፣ የሴቷ ጠቆር ይላል። በላባ ቀለም ብቻ ከሩቅ ለመለየት የሚመቹ በመሆናቸው ለመሪዎች ሥራ ያቀልላሉ።

በክንፍ ላባ መለየት የሚባል ዘዴም አለ። ላባው ቶሎ ከሚበቅል አውራና ላባዋ ቀስ ብሎ ከሚበቅል ሴት ዶሮ በተዳቀሉ ጫጩቶች ላይ የሴቶቹ ረጃጅም የክንፍ ላባዎች ከሸፋኞቹ አጫጭር ላባዎች በልጠው ይታያሉ፤ የወንዶቹ እኩል ናቸው ወይም ያንሳሉ። ይህም የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ ነው፤ ያውም ለዚሁ ተብሎ በተዳቀለ ዝርያ ላይ። በአገር ውስጥ ጫጩት ላይ ክንፍ ዘርግቶ «ይቺ ቄብ ናት» ማለት መሠረት የለውም።

ለማንኛውም ዝርያ የሚሠራው የጫጩቱን መቀመጫ ገልብጦ ማየት ነው። ይህን ዘዴ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያጠኑትና ለዓለም ያስተዋወቁት ኪዮሺ ማሱይ እና ጁሮ ሃሺሞቶ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሲሆኑ መጽሐፋቸው በ1933 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ ታትሟል። የሠለጠነ ባለሙያ በሰዓት እስከ 1,000 የሚደርሱ ጫጩቶችን መለየት ይችላል። ይሁን እንጂ የሚታየው ምልክት ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጥ እብጠት ነው፤ ለዚህ ዓይንና እጅ ረጅም ልምምድ ይፈልጋሉ። ያልሠለጠነ ሰው ሲሞክረው ጫጩቷን ተጭኖ የሆድ ዕቃዋን ይጎዳል፤ ይገድላትማል። ስለዚህ በቀበሌ ደረጃ ይህ እንዲሞከር መፍቀድ አይገባም።

በአሁኑ ጊዜ በአውሮፓ ጫጩቱ ሳይፈለፈል፣ በእንቁላሉ ውስጥ እያለ ጾታውን የሚለዩ መሣሪያዎች ሥራ ላይ ውለዋል። ጀርመንም ከ2022 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ የእንቁላል ዝርያ ወንድ ጫጩቶችን እንደተፈለፈሉ መግደልን በሕግ ከልክላለች። ለእኛ ገበሬ መሣሪያው ዓይንና ትዕግሥት ነው። ሁለቱ ካሉ የሚቀጥሉት ምልክቶች በቂ ናቸው።

በአንድ ወር ተኩል፦ ኩክኒውን መመልከት

ጫጩቶች ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው በአናታቸው ላይ የሚወጣው ሥጋ፣ ኩክኒ የሚባለው፣ መናገር ይጀምራል። የወንዱ ኩክኒ ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ መልኩም ወደ ሮዝ፣ ቀጥሎም ወደ ቀይ ይሄዳል። የሴቷ ትንሽና ገርጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ይቆያል። ከመንቁሩ ሥር ግራና ቀኝ የሚንጠለጠለው ሎቲም እንዲሁ በወንዱ ላይ ቀድሞ ይወጣል። የወንዱ እግር ወፍራም ነው፤ አቋሙ ቀጥ ያለ፣ ደረቱን የሚነፋ ነው። ሴቷ ዝቅ ብላ ትሄዳለች።

ምልክቱ የሚታይበት ጊዜ ግን እንደ ዝርያው ይለያያል። ነጩ ሌግሆርን ኩክኒው ትልቅ በመሆኑ ከአንድ ወር ጀምሮ ይለያል። ከግብፅ የመጣው ፋዩሚ ቶሎ ይደርሳል፤ አውራው በአምስትና በስድስት ሳምንት መጮህ የሚጀምርበት ጊዜ አለ። ሮድ አይላንድ ሬድን የመሳሰሉት ከበድ ያሉ ዝርያዎችና የአገር ውስጥ ዶሮዎች ግን ዘግይተው ይለያሉ።

እዚህ ላይ ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የሚነጻጸሩት እኩል ዕድሜና አንድ ዓይነት ዝርያ ያላቸው ጫጩቶች ብቻ መሆን አለባቸው። የሁለት ሳምንት ታላቅ የሆነች ቄብ ከታናሹ አውራ የበለጠ ኩክኒ ሊኖራት ይችላል። ሁለተኛ፣ የታመመ፣ ትል ያለበት ወይም የተራበ አውራ ኩክኒው ገርጥቶ ቄብ ይመስላል። ሦስተኛ፣ ቄቧም ራሷ እንቁላል ልትጥል ስትቃረብ ኩክኒዋ ይቀላል። ስለዚህ በአምስተኛው ወር የቀላ ኩክኒ ያየ ሁሉ «አውራ ነው» ብሎ ወደ ገበያ መውሰድ የለበትም፤ እንቁላል ሊጀምር የደረሰን ሀብት አሳልፎ መሸጥ ይሆናል።

በብዙ አካባቢ የአንድ ቀን ጫጩቶችን ተረክበው እስከ 45 ወይም 60 ቀን አሳድገው ለገበሬው የሚያስተላልፉ ግለሰቦችና ማኅበራት አሉ። ርክክቡ የሚፈጸመው እንግዲህ ኩክኒው መናገር በጀመረበት ወቅት ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙዎቹ ይለያሉ፤ የቀሩት አጠራጣሪ ይሆናሉ። አጠራጣሪውን «አጠራጣሪ» ብሎ መመዝገብ የመሪው ጥንቃቄ ነው።

በሦስት ወር፦ ላባው ይፈርዳል

ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው ምልክት ይወጣል። ይኸውም የላባው ጫፍ ነው። ዶሮውን ይዞ የአንገቱን፣ በተለይም ከወገቡ ወደ ጅራቱ የሚወርደውን ላባ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። የወንዱ ላባ ቀጭን፣ ረዘም ያለና ጫፉ እንደ ጦር የሾለ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። የሴቷ ጫፉ ክብ ነው። ቀጥሎም የወንዱ የጅራት ላባ ረዝሞ እንደ ማጭድ ይታጠፋል።

ኩክኒ በበሽታና በረኃብ ሊደበዝዝ ይችላል፤ የሾለ የወገብ ላባ ግን በታዳጊ ዶሮ ላይ ከታየ አውራ ለመሆኑ ጥሩ ማረጋገጫ ነው። በዚህ ምክንያት የመጨረሻው መለያ ጊዜ ሦስት ወር እንዲሆን ማድረጉ ይበጃል። በአገር ውስጥ ዶሮ ላይ ጥቂት ሳምንታት መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል።

ጩኸት ከተሰማ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው። አለመጮህ ግን ማስረጃ አይሆንም። በአንድ መንጋ ውስጥ ኃይለኛ አውራ ካለ ደካሞቹ አፋቸውን ዘግተው ይከርማሉ፤ እርሱ የተሸጠ ዕለት «ቄብ» የተባለው ሁሉ መጮህ ይጀምራል።

የሚያስቸግሩ ዶሮዎች

የአገራችን ዶሮዎች መልካቸው ብዙ ነው። ቀዩ፣ ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ገብስማውና አንገተ መላጣው በአንድ ግቢ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ አንዱ ምልክት ለሁሉም አይሠራም።

ኩክኒያቸው በአንድ ረድፍ እንደ መጋዝ ቀጥ ብሎ የማይቆም፣ በሦስት ዝቅተኛ ረድፍ የተጋደመ ዶሮዎች በየአካባቢው በብዛት ይታያሉ። በእነዚህ ላይ ቁመት መፈለግ ከንቱ ነው፤ መታየት ያለበት የኩክኒው ስፋትና ቅላት ነው። የሴቷ ጠባብና ገርጣ ያለ፣ የወንዱ ሰፊና ቀይ ይሆናል። አናቷ ላይ ቁንጮ ያላት ዶሮ ኩክኒዋ በላባ ስለሚሸፈን ላባውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ መመልከት ያሻል። አንገተ መላጣ ደግሞ የአንገት ላባ ስለሌለው ፍርዱ በወገብ ላባ ላይ ይወድቃል።

ከሁሉም በላይ ለመለየት አስቸጋሪ ተብሎ በዓለም የሚታወቀው የቻይናው «ሐር ዶሮ» ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን ቻይና ደርሶ የተመለሰው የቬኒሱ ነጋዴ ማርኮ ፖሎ በመጽሐፉ እንደ ድመት ጠጉር ያላቸው ዶሮዎች መኖራቸውን ጠቅሷል። ሐር ዶሮ ቆዳውና አጥንቱ ጥቁር፣ የእግሩ ጣቶች አምስት ናቸው። ላባው እርስ በርሱ የሚያያዝበት ጥቃቅን መንጠቆ ስለሌለው እንደ ሐር ይለሰልሳል። በዚህም የተነሣ የላባ ጫፍ መሾልና መክበብ እንደ ሌሎቹ ዶሮዎች ጎልቶ አይታይም። ኩክኒውም ጠቆር ያለ፣ በቁንጮው ሥር የተደበቀ ነው።

የሐር ዶሮ አርቢዎች በምን ይለያሉ? የወንዱ ቁንጮ ወደ ኋላ የሚጎተቱ ረጃጅም ጭራዎች ያወጣል፤ የሴቷ እንደ ጥጥ ኳስ ክብ ሆኖ ይቀራል። የወንዱ ኩክኒ ሰፊ፣ የሴቷ ትንሽ ነው። ያም ሆኖ ልምድ ያላቸው አርቢዎች እንኳ ብዙ ጊዜ እርግጠኛ የሚሆኑት በአምስትና በስድስት ወር ዶሮው ሲጮህ ወይም እንቁላል ሲጥል ነው። ከእነርሱ የምንወስደው ትምህርት አለ፦ ምልክቱ ካልበሰለ አለመፍረድ ነው። ለዓመታት ያረባ ሰው «ገና ነው» ብሎ ከጠበቀ፣ በአንድ ቀን የእደላ ጥድፊያ ስድስት ሳምንት ባልሞላው የአገር ውስጥ ጫጩት ላይ መፍረድ አግባብ አይሆንም።

መለየቱ እንዴት ይካሄድ?

ሥራው ብዙ ወጪ የለበትም፤ ሥርዓት ግን ይፈልጋል።

በቅድሚያ ጫጩቶቹ የተፈለፈሉበት ቀንና ዝርያቸው በመዝገብ ይስፈር። ዕድሜው ያልታወቀ ጫጩት ጾታውም አይታወቅም።

መለየቱ የሚካሄደው ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ዶሮዎቹ ረግተው ሳሉ ነው። ዶሮን በአንድ እግሩ አንጠልጥሎ መያዝ ጉዳት ያመጣል፤ ሁለቱን ክንፎች ከአካሉ ጋር አቅፎ መያዝ ይገባል። ዶሮዎቹ ለፈንግል መከላከያ ክትባት የሚያዙበት ቀን ለዚህም ሥራ ቢውል ድካም ይቀንሳል።

ሁለት ሰዎች እያንዳንዱን ዶሮ ተራ በተራ ይመልከቱ፤ አንደኛው የሌላውን ፍርድ ሳይሰማ ይናገር። ከእነርሱ አንዱ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ሌላዋ በዶሮ አያያዝ የታወቀች የአካባቢው እናት ቢሆኑ መልካም ነው። ሁለቱ ከተስማሙ ዶሮው ወደ ምድቡ ይሄዳል፤ ካልተስማሙ ወደ «ያልተለየ» ምድብ ይገባል። ስለሆነም ምድቦቹ ሦስት ይሆናሉ፦ ቄብ፣ አውራና ያልተለየ። ለመለያ በእግር ላይ ቀለሙ የተለያየ ክር ላላ አድርጎ ማሰር በቂ ነው፤ እግሩ ሲወፍር እንዳይቆርጠው በየሳምንቱ ይታይ።

ያልተለዩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳግመኛ ይታያሉ። በሁለተኛው ጊዜ ከእነርሱ አብዛኞቹ ይለያሉ። እስከዚያው ድረስ እነርሱን ለማንም በቄብ ስም መስጠት አይገባም።

በመጨረሻም ስሕተት ሊኖር እንደሚችል ታውቆ በቃለ ጉባኤ አንድ ውሳኔ ይስፈር፦ «በቄብነት የተሰጠ ዶሮ አውራ ሆኖ ከተገኘ ይለወጣል» የሚል። ለዚሁም ከየዙሩ ጥቂት ቄቦች በመጠባበቂያነት ይቆዩ። ይህ ውሳኔ ከእደላው በፊት ከተነበበ በሊቀ መንበሩና በአባላቱ መካከል የሚነሣው ክርክር አስቀድሞ መልስ ያገኛል።

ከማኅበሩ አቅም በላይ ሆኖ ጫጩቶቹን ማቆየት ካልተቻለና ሳይለዩ መታደላቸው ግድ ከሆነም መፍትሔ አለ። ጎረቤታሞች አራት ወይም አምስት ቤተሰብ ሆነው በአንድ ቡድን ይረከቡ። ጾታቸው ሲታወቅ ቄቦቹንና አውራዎቹን እርስ በርሳቸው ይከፋፈሉ። ሃያ አምስት ጫጩት በአንድነት ሲታይ ሁሉም አውራ የመሆኑ ሥጋት የለም ማለት ይቻላል።

አውራውስ ምን ይሁን?

ጾታን መለየት አውራውን ለመጣል አይደለም። አውራም የራሱ ገበያ አለው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ የአውራ ዶሮ ዋጋ ምን ያህል እንደሚወጣ፣ በጾም ወራትም ገበያው እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ለገበሬው አይነገርም። ቁም ነገሩ በሦስት ወር የተለየ አውራ ለየትኛው በዓል እንደሚደርስ አስቀድሞ ማሰብ መቻሉ ነው። ሳይለይ የቀረ ግን ለቄብ የታሰበውን መኖ ሲበላ ከርሞ፣ ጾም ሲገባ «አውራ ነው» ተብሎ በርካሽ ይሸጣል።

ለርቢ የሚያስፈልገው አውራ ጥቂት ነው፤ ለአሥር ሴት ዶሮዎች አንድ ይበቃል። የተመረጠው አውራ ጤነኛ፣ ቶሎ ያደገና ከሌላ ወገን የመጣ ቢሆን ይመረጣል፤ ከአንድ እናት የተፈለፈሉ ወንድምና እህት ሲራቡ ዘሩ ይደክማል። በዚህም ረገድ ጎረቤት ቀበሌዎች አውራ ቢለዋወጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ሌላም ሊታረም የሚገባው አስተሳሰብ አለ። ቄብ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። አውራ ሳይኖር የተጣለ እንቁላል ለምግብና ለገበያ እኩል ያገለግላል፤ የማይሆነው ለማስፈልፈል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ቄቦች ብቻ ያሏቸው አንዲት እናት አውራ ለመቀለብ አይገደዱም። ማስፈልፈል ሲፈልጉ ከጎረቤት አውራ ተውሰው ማቆየት ይችላሉ።

የመሪው ድርሻ

አምስት ጫጩት ለአንድ ትልቅ ቤት ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። በሬ ለሌላቸው፣ መሬታቸው ለጠበበ፣ ቤቱን ብቻቸውን ለሚያስተዳድሩ እናቶች ግን በእጃቸው የሚገባ፣ ማንንም ሳይጠይቁ የሚያዙበት ገንዘብ የሚወጣው ከዚያች ቄብ ነው። ብድር ወስደው የገዙት ከሆነም ዕዳውን የምትከፍለው እርሷው ናት። አውራው ከተሸጠ በኋላ ዕዳው ይቀራል።

በመሆኑም የገበሬ ማኅበር መሪ ጫጩት ሲረከብ ስንት እንደሆኑ ብቻ ቆጥሮ መፈረም አይበቃውም። ዝርያቸውን ይጠይቅ፤ የተፈለፈሉበትን ቀን ይመዝግብ፤ በስድስት ሳምንት ኩክኒያቸውን፣ በሦስት ወር የወገብ ላባቸውን ያስመርምር፤ ያልበሰለ ምልክት ላይ አይፍረድ፤ ከዚያ በኋላ ያድል። ይህን ያደረገ መሪ በእደላው ዕለት መዝገቡን ሲዘጋ አይቸኩል ይሆናል። ከሦስት ወር በኋላ ግን ከየደጃፉ የሚሰማው የአውራ ጩኸት ቀድሞ ከቆጠረው በላይ አይሆንም፤ በየቅርጫቱም እንቁላል ይገኛል።